ከላይ ብቻ ያየሁት ደረጃ

ሰዎቹን አስቀድሜ ላስተዋውቃችሁ፤ ኋላ ማን ነበር ማን አልነበረም እንዳትሉኝ።

ልጄ ፍሬሕይወት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሞላ፣ ወረታ ገበያ ዳር የሚሠራው ባለ ብየዳ። መሪጌታ ይትባረክ፣ የደብራችንን የጎተራ ሥራ የሚመሩት። ወይዘሮ እናኑ፣ ከጎተራው ጋር አጥር ለአጥር የሚኖሩት። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ የቤት ፕላን የምሠራው። ጥፋተኛውም እኔው።

ዛሬ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔም ቆሜ እያየሁ አላመንኩም!

ክረምት ሲገባ የፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ይተኛል። ስለዚህ ደብሩ የገበሬዎቹን የዘር ሩዝ የሚያኖርበት ጎተራ በሲሚንቶ እግሮች ላይ ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ፕላኑ የእኔ ነው። የቀረው በሩ ላይ የሚደርስ የብረት ደረጃ ነበር፤ ልኩን እንዳወጣም መሪጌታ ነገሩኝ።

ጎተራው ከቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሜትር ይዤ ሄጄ መለካት እችል ነበር።

ግን ኮምፒውተር እያለ?

ይህን ሙያ መምህር አላስተማረኝም። በስልክ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየሳትኩ፣ እያረምኩ ነው የለመድኩት። ለልጆቼም ሁልጊዜ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ይሰለቻሉ፤ እኔ ግን እነግራቸዋለሁ።

የንድፍ ፕሮግራሙ ስክሪኑን ለአራት ይከፍለዋል። አንዱ ሕንፃውን ከላይ ያሳያል፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ደግሞ ሰያፍ አድርጎ። ፍሬሕይወት አራቱንም ከፍታ ነው የምትሠራው። እኔ ይህን አልወድም። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ማንን ትሰማላችሁ? ሐሳብ ይበትናል ብዬ ገሠጽኳትና ሦስቱን ዘጋሁ። ከላይ የሚያሳየው ብቻ ቀረ።

«አባዬ፣ ከጎንም እየው እንጂ» አለችኝ።

«አንድ ነገር በደንብ ያየ ሰው አራት አያስፈልገውም» አልኳት።

ምን ዓይነት ንግግር ነው! ስናገረው ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

መሬቱን ክሊክ፣ የበሩን ደፍ ክሊክ። አራት ሜትር ከሃያ ሰባት። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አደረግኩ።

ከላይ ለሚያይ ሰው ደፉና የጣራው ጫፍ አንድ መስመር ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በላይ ነው፣ ግን ከፍታ አይታይም። ደፉን የነካሁ መስሎኝ የነካሁት ጣራውን ነበር።

ሞላ ወረቀቱን አይቶ አልረዘመም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አንተ ብረትህን ቁረጥ፣ ልኩን ለእኔ ተወው አልኩት። ቆረጠ።

ዛሬ ጠዋት ደረጃው በአይሱዙ መጣ። ከመኪናው ኋላ ወጥቶ ስለተንጠለጠለ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም።

አቆሙት። በሩን አልፎ ሄደ። ጣራው ላይ ዐረፈ።



መሪጌታ ቀና ብለው አዩት፣ ዝቅ ብለው እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ እኛ ወደ ሰማይ የምንወጣበት መንገድ አለን። ለሩዙ ነበር የፈለግነው።»

ሃያ ሁለት ጆንያ የዘር ሩዝ መሬት ላይ ተደርድሯል። በጣራ ገዳም ተራራ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ዘሩ ከራሰ ይበቅላል፤ እዚያው ጆንያው ውስጥ ከበቀለ ደግሞ ሠላሳ ቤት ዘንድሮ የሚዘራው የለውም። ሞላ እንዳይቆርጠው መብራት ጠፍቷል። እኔ ወረቀቴን ይዤ ቆሜያለሁ።

ፍሬሕይወት ደረጃውን ዞራ ከጎን አየችው። ከጎን! ከዚያ እግሩን ወደ ኋላ እንሳበው አለች፤ ጫፉ ወርዶ በሩ ላይ እስኪደርስ።

ሳብነው። አጥሩ ጋ ደረሰ። አልበቃም። አጥሩን ነቀልነው። የደረጃው እግር በወይዘሮ እናኑ የሽንኩርት መደብ መሐል ዐረፈ።

«ወደ ጎተራው በእኔ ጓሮ ነው እንዴ የሚገባው?» አሉ።

አዎ፣ በእሳቸው ጓሮ ነው የሚገባው።

ደረጃው ስለተጋደመ መርገጫዎቹ ሁሉ ወደ ፊት አዘነበሉ። ጆንያ የተሸከመ ሰው ሲወጣ ወደ ፊት ይደፋዋል፤ መጨረሻ ላይ የበሩ መቃን ላይ በግንባሩ ይደርሳል። አንዱ ሲመታ የኋላው ይስቃል፤ ከዚያ እሱም ይመታል። መሪጌታ ጆንያ ሳይሸከሙ፣ ውስጡን ሊያዩ ብቻ ወጡ። እሳቸውም ተመቱ።

የመጨረሻው ጆንያ ሲገባ ዝናቡ ጀመረ። አንድም ፍሬ አልራሰ።

እዚያው ዝናብ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ግንባሩን እያሸ ሲሰማ፣ ልጄን «ይቅርታ፣ አንቺ ነበርሽ ልክ» አልኳት።

«ዝናቡ ነው መሰለኝ፣ አልሰማሁም አባዬ» አለችኝ።

እንግዲህ የከላይ ዕይታ ወዳጆች፣ ሁላችንን ያስከፈለን ተደምሮ ይኸውላችሁ፦ የሞላ ሁለት ቀን፣ ዘጠኝ የአጥር እንጨት፣ ሁለት መደብ ሽንኩርት፣ የመሪጌታን ጨምሮ አሥራ አራት ግንባር፣ እና ሁለት ይቅርታ። ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።