ማይነሬ እርጅና ነው

(ከደምበጫ ወደ መንደር የሚያወጣ ዳገት፣ ከዋርካ ጥላ ሥር። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ አካለ ወልድ የተሳለ ማረሻና የጨው ከረጢት ተሸክመው ቆመዋል። የወንድማቸው የልጅ ልጅ እንዳላማው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንድ ቅጽና አንድ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጦ ያለከልካል።)

እንዳላማው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎት፣ የኔታ። ዕድሜዎ ስንት ነው?

የኔታ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ልመልስልህ። አላውቀውም።

እንዳላማው፦ ሰው እንዴት ዕድሜውን አያውቅም?

የኔታ፦ ስወለድ ነበርሁ፤ ግን እስክሪብቶ አልያዝሁም።

እንዳላማው፦ እሺ፣ በግምት?

የኔታ፦ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ሲለብስ ምስማር አቀብያለሁ።

እንዳላማው፦ መቼ ነው የለበሰ?

የኔታ፦ ሣሩ ማፍሰስ ሲጀምር ነዋ።

እንዳላማው፦ (ይጽፋል) «ዕድሜ፦ አልታወቀም። የማስታወስ ችሎታ፦ ደካማ።»

የኔታ፦ እስቲ የዚህን ትምህርት ስም ድገምልኝ።

እንዳላማው፦ ጄሮንቶሎጂ። ስለ እርጅና የሚያጠና ሳይንስ ነው።

የኔታ፦ መምህርህ ምን ያህል አርጅቷል?

እንዳላማው፦ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው።

የኔታ፦ ታዲያ እርጅናን ከየት አገኘው?

እንዳላማው፦ ከስላይድ!

የኔታ፦ እንግዲህ ዋናው ትምህርትህ ይኼ ነው።

እንዳላማው፦ ኧረ የኔታ! ዋናው ሶሺዮሎጂ ነው፣ የኅብረተሰብ ጥናት። እርጅና ማይነሬ ነው። በጎን የሚወሰድ ማለት ነው።

የኔታ፦ ስናረጅ ከኅብረተሰቡ ወጥተን በጎን ሆንን በለኛ።

እንዳላማው፦ (ይጽፋል) «የመገለል ስሜት አለባቸው።»

የኔታ፦ ይኼንንም ጻፍኸው?

እንዳላማው፦ አይቀልዱ፣ የኔታ። አንድ አረጋዊ ከዶሮ ጩኸት ጀምሬ ተከትዬ፣ ተንከባክቤ፣ ያየሁትን ሞልቼ ማስፈረም አለብኝ። ነገ ጠዋት ካላስረከብሁ ማይነሩ ይወድቃል። ማይነሩ ከወደቀ በሰኔ አልመረቅም። እናቴ ደግሞ ለምርቃቱ ብላ በግ እየቀለበች ነው።

የኔታ፦ ተንከባክቤ ነው ያልህ? ማረሻውን የተሸከመ ማን ነው?

እንዳላማው፦ እኔ ከተሸከምሁ ማን ይጽፋል? ይልቅ ይመልሱልኝ። ጠዋት ምን በሉ?

የኔታ፦ በዐቢይ ጾም?

እንዳላማው፦ ምሳስ?

የኔታ፦ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት?

እንዳላማው፦ (ይጽፋል) «የምግብ ፍላጎት፦ የለም።»

የኔታ፦ አንተ ልጅ፣ ክርስትና ተነሥተሃል?

እንዳላማው፦ ተነሥቻለሁ። ቅጹ ግን «በጾም ምክንያት» የሚል ሣጥን የለውም። ቀጥሎ፣ ብቻዎን ሆነው ያወራሉ?

የኔታ፦ በየቀኑ።

እንዳላማው፦ (ደስ ብሎት) በየቀኑ! ከስንት ሰዓት ጀምሮ?

የኔታ፦ ዳዊት የምደግመው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ ነው።

እንዳላማው፦ የሚመልስልዎት አለ?

የኔታ፦ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

እንዳላማው፦ (እየጻፈ) «የሌለ ድምፅ ይጠብቃሉ።» ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?

የኔታ፦ ሐሙስ፣ መጋቢት ዐሥራ አምስት፣ የመጻጉዕ ሳምንት፣ ዘመነ ሉቃስ።

እንዳላማው፦ (ስልኩን አይቶ) ይኼ ማርች ሃያ አራት ነው የሚል። በዘጠኝ ቀን ስተዋል!

የኔታ፦ ወይ ጉድ!

እንዳላማው፦ አይደንግጡ፣ በዕድሜ የሚመጣ ነው። «ድካም፦ በአንድ ዳገት አራት ጊዜ ዐርፈዋል።»

የኔታ፦ አራቱንም ጊዜ «እንረፍ» ያለ ማን ነው?

እንዳላማው፦ ቅጹ የሚጠይቀው ማን እንዳረፈ ነው እንጂ ማን እንዳለ አይደለም። በቃ፣ ጨረስን! «ማጠቃለያ፦ አረጋዊው በከባድ የመጃጀት ደረጃ ላይ ስለሚገኙ ከማስተማር ይታቀቡ።» ይፈርሙልኝ።

የኔታ፦ ሠላሳ ተማሪ ቅኔ ቆጥሮ ይጠብቀኛል እኮ።

እንዳላማው፦ ለወረቀት ነው እንጂ ማን ያስቆምዎታል? መምህራችን ከባድ ሁኔታ ይወዳል። የክፍሌ ልጅ ዓለምነው ጤነኛ ሽማግሌ አምጥቶ ሲ ነው ያገኘ!

የኔታ፦ ለአንተ ኤ፣ ለእኔ መጃጀት።

እንዳላማው፦ በሞቴ፣ የኔታ! በእናቴ በግ!

የኔታ፦ (ሸክማቸውን ያወርዳሉ) አምጣው። ያላነበብሁትን ግን አልፈርምም።

እንዳላማው፦ ያንብቡ፣ ያንብቡ። እኔ እስከዚያ ዓይኔን ላሳርፍ። ከዶሮ ጩኸት ጀምሮ እኮ ነው… ለእርስዎ ቀላል ነው፣ ለምደውታል… (ዋርካውን ይደገፋል)

የኔታ፦ «ከተንከባካቢያቸው ዓይን ለአንድ ደቂቃም አይለዩ» ይላል እዚህ ላይ። እንዳላማው? (ማንኮራፋት ይሰማል) አንተ፣ እንዳላማው!

(ጋቢያቸውን አውልቀው ያለብሱታል። እስክሪብቶውን ከጣቱ ቀስ ብለው ያወጣሉ። ከ«አረጋዊ» ፊት ለፊት ያለውን ስማቸውንና ከሥሩ የተሞላውን ሁሉ ይሰርዙና እየጻፉ ያነባሉ።)

የኔታ፦ «ስም፦ እንዳላማው። ዕድሜ፦ ሃያ ሁለት። የምግብ ፍላጎት፦ በጾም ቀን ሦስት ዳቦ፣ ከተንከባካቢው ተደብቆ። ማስተዋል፦ የገዛ አገሩን ቀን ስልኩ ካልነገረው አያውቅም። የሰው ወሬ፦ ይሰማል፤ አይገባውም።» (እስክሪብቶውን ይልሳሉ) መምህሩ ከባድ ሁኔታ ይወዳል ካልህማ ከዚህ የከበደ ማንም አያመጣለትም። ኤ ታገኛለህ፣ ልጄ። «የተንከባካቢ ስም፦ መሪጌታ አካለ ወልድ።»

(ይፈርማሉ። አንድ ባዶ መስመር ቀርቷል። ወደ ፀሐዩ ወጥተው ጥላቸውን በእግራቸው ይለካሉ፤ ተመልሰው ይጽፋሉ።)

የኔታ፦ «ሲነጫነጭ ውሎ በመጨረሻ የተኛበት ሰዓት፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል።»