ሐሴት የሚል ስም አወጣሁና ጉድ ሆንኩ

ሴቶች፣ ዛሬ እዚህ ቤሩት፣ ናባዓ ሰፈር ውስጥ የገጠመኝን ውርደት ስትሰሙ ፔጄን አንፎሎው እንዳታደርጉ!

ጓደኛዬ ዘምዘም ወልዳለች። ሴት! ማሻአላህ በሉ እንጂ። ስም አውጪዋስ ማን ሆነች? እኔ፣ ሹሩባ ሠሪያችሁ!

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ዘምዘም ሰው ቤት ስትሠራ ማዳሟ "ሮዛ" ነበር የምትላት። ለምን? ከሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ሮዛ ስለነበረች። ያኒ ስሙ የቤቱ ዕቃ ነው፣ ከመጥረጊያው ጋር ትረከቢዋለሽ።

"ለልጄ የሷ ብቻ የሆነ ስም ፈልጊልኝ" አለችኝ፣ እጄን ይዛ።

"ሐሴት!" አልኳት። ወደደችው።

ዛሬ እሁድ አይደል፣ ቤቷ ጢም ብሏል። እኔ ሆዬ ተነስቼ ንግግር! "ሐሴት ግዕዝ ነው። ትርጉሙ ደስታ። ደግሞ ዘመናዊ ነው። ቤሩት ውስጥ ይሄ ስም ያላት ልጅ የለችም!"

ይሄኔ ከጃል ኤል ዲብ የመጣች ደንበኛዬ ሶፋው ላይ የምትዘለውን ልጇን "ሐሴት! ውረጂ ብዬሻለሁ!" ብላ አትጮህባትም?

ክው አልኩ።

የጠሪቅ ኤል ጅዲዴዋ ደንበኛዬ ደግሞ ጡት እያጠባች "የኔም ሐሴት ናት እኮ" አለች። "ጸጉሬን ስትሠሪኝ ያወጣሽላት አንቺ አይደለሽ እንዴ? ማንም የለውም ብለሽ!"

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ታውቁኛላችሁ፣ እጄ ጸጉር ከያዘ አፌ የኔ አይደለም።

ዘምዘም አልሳቀችም። "ለምን?" አለችኝ ብቻ።

እውነቱን ተናገርኩ። ስሙን ለራሴ ልጅ ነበር ያስቀመጥኩት። ልጅ ሳይመጣ ዓመቱ ነጎደ። እናንተ አርግዛችሁ ወንበሬ ላይ ስትቀመጡ ደስ ይለኛል፣ ደስ ሲለኝ ስሙ ያመልጠኛል። እንባዬም አመለጠኝ።

ዘምዘም ሕፃኗን አንስታ አስታቀፈችኝ።

"ማዳሜ ሮዛ ያለችኝ ስሜን መጠየቅ ሰልችቷት ነው። አንቺ ለራስሽ ያስቀመጥሽውን ነው የሰጠሽን። ኸላስ፣ ሐሴት ናት። ሞክሼዎቿም ይደጉላት።"

ሐሴትዬ ወዲያው አዲሱ ቀሚሴ ላይ ሸናችብኝ። ምርቃት ነው አሉኝ።

እና እህቶቼ፣ እኔ አንድ ቀን ብወልድ ምን ልበላት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሐሴት ያለች ብሎክ ትደረጋለች!