በበርበሬ ስጥ ላይ የቆመችው መኪና

ቡታጅራ ውስጥ መንገድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «እዚችው ናት!» ይሏችኋል። እጅ እንኳ አይነሳም፤ በአገጭ ነው። እዚችው የተባለችው አንዳንዴ ከመናኸሪያው ጀርባ ትሆናለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ጫማችሁን አውልቃችሁ ወንዝ ታሻግራችኋለች። እኔ የጎጃም ሰው ነኝ። ጂኦግራፊ ላስተምር ተመድቤ የመጣሁ ጊዜ የመጀመሪያውን ዓመት ግማሹን የጨረስኩት «እዚችው»ን ስፈልግ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ እኛ «እዚችው» አይደለም፤ ስለ ፈረንጆቹ ነው። የእነሱ ይብሳል።

ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የማውቀው የሆቴል ባለቤት «ቲቸር፣ አንዲት ፈረንጅ አስተርጓሚ ትፈልጋለች» ብሎ አስጠራኝ። ሄድኩ። ስድሳውን የተሻገረች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የተራራ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ስሟ ኢንግሪድ። ከአዲስ አበባ መኪና ከነሾፌሩ ተከራይታ ነው የመጣች። ሾፌሩ ግርማ ይባላል፤ ከመኪናው ሌላ ምንም የማያምን ሰው ነው።

ሴትዮዋ ከኪሷ ወፈር ያለ ሞባይል የመሰለ መሣሪያ አወጣችና «ሳጥን ነው የምፈልገው» አለችኝ። የምን ሳጥን? ጨዋታ ነው አለች። አንዱ ሰው ትንሽ ሳጥን በሆነ ቦታ ይደብቃል። የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ቁጥሩን እንዲህ ባለ መሣሪያ ውስጥ አስገብቶ ይፈልጋል። ሲያገኘው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙን ጽፎ፣ ሳጥኑን እዚያው መልሶ ይሄዳል።

«ሽልማቱስ?» አልኳት።

«ሽልማት የለውም። የኔ ሳጥን ያለው ከዚህ አለፍ ብሎ እንሴኖ አጠገብ ነው።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እርሳስና ደብተር ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ እንሴኖ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ጣሊያን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሮ ሄዷል የሚለውን ወሬ ደግሞ የማያውቅ የለም። መሬት መሬት እያየ የሚሄድ ፈረንጅ ሁሉ ለእኛ የጣሊያን የልጅ ልጅ ነው። እኔም ቀስ ብዬ «አያትሽ ጣሊያን ነበሩ እንዴ?» አልኳት። የለም፣ ኖርዌያዊት ነኝ አለች። ኖርዌይ የት እንደሆነች የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና አውቃለሁ። ግን አላመንኳትም።

እንሴኖን አልፈን ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄድን አቁሙ አለች። ወርዳ ፎቶ ስታነሳ ግርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ ነገሩ ከተገኘ ለሦስት ነው አይደል?» አለኝ። «የምኑ ነገር?» አልኩት፣ እንዳላሰበ ሰው።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መሣሪያው ቀስት ብቻ ነው ያለው። ሦስት መቶ ሜትር ቀርቷችኋል፣ በዚህ በኩል ይላል፤ አለቀ። በዚህ በኩል አጥር አለ አይልም። ውሻ አለ አይልም። መኪና እዚህ አቁሙ፣ በዚያ ግቡ፣ የባለቤቱ ስም እገሌ ነው አይልም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ነው። ኢንግሪድ ዓይኗን ቀስቱ ላይ ተክላ የሰው ማሳ ውስጥ ገባች። እኔ ተከተልኳት። ግርማ ደግሞ፣ ከወርቁ መራቅ ስላልፈለገ ይሁን ከመኪናው፣ እየነዳ በጎን መጣና አንድ ደልዳላ ቀይ ሜዳ ላይ ወጥቶ ቆመ።

ሜዳው ለምን ቀይ ሆነ ብሎ ማን ይጠይቅ? የተሰጣ በርበሬ ነበር። የዓመት በርበሬ!

ከቤቱ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ነጭ ኮፍያ፣ ነጭ ጢም። ኋላ እንደነገሩኝ ሐጂ ሸምሱ ይባላሉ። ከኋላቸው ጎረቤት ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ተሰበሰበ። እሳቸው ግን በርበሬውን አላዩትም። የሚያዩት የኢንግሪድን እጅ ነው፤ መሣሪያውን።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ፣ ፊታቸው ግን ሰላም የለውም። ቀጥለው «ማነው ያዘዛችሁ?» አሉኝ።

«ማንም አላዘዘንም፣ ሐጂ።»

«ያልታዘዘ ሰው መሬት አይለካም።»

ያኔ ገባኝ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ ማሳ የረገጠ ሰው ሲታይ የሚከተለው ይታወቃል። ዛሬ ይለካል፣ ነገ ስብሰባ ይጠራል፣ ከነገ ወዲያ «ልማት ነው» ይባልና ኢንቨስተር ይመጣል። ቢያንስ ወሬው እንደዚያ ነው። ሐጂ የይዞታ ደብተራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፊቴ ላይ ዘረጉት። እኔ ወርቅ ስጠረጥር እሳቸው መሬታቸውን ሊነጠቁ ነው ብለው ቆመዋል።

«ሐጂ፣ አንለካም። ሳጥን ነው የምንፈልገው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ደብተርና እርሳስ።»

ከአፌ ሲወጣ ራሴም አፈርኩ። ሐጂ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አስተማሪ ትመስላለህ» አሉ።

«ነኝ።»

«ታዲያ ተማሪ ቤቱ ደብተርና እርሳስ አጥቶ ነው ከኔ ማሳ የመጣችሁት?»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ትፈልግ» አሉ። «እያየናት ትፈልግ።»

ሴትዮዋ ከማሳው በላይ ባለችው ጉብታ፣ አንድ ያረጀ ግራር ሥር ተንበረከከች። ድንጋይ አነሳች። ሌላ አነሳች። መሣሪያዋን አየች። እዚሁ ነው ይላል። ምንም የለም። ሠላሳ ሰው ከቦ ያያታል። ግማሽ ሰዓት ያህል በጣቷ አፈር ስትጭር ቆየችና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ወርቅ ያጣ ሰው ፊት አይቼ አላውቅም፤ ይሄ ግን ሌላ ነገር ነበር።

ያኔ ነው ከጠዋት ጀምሮ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኳት። ማን ነው የደበቀው? የሚጠረጥር ሰው አይጠይቅማ፤ መልሱን በልቡ ይዟል።

«ወንድሜ» አለች። እዚህ አገር ለውሃ ጉድጓድ ሥራ መጥቶ ነበር። ባለፈው ክረምት ሞተ። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሱ ጽሑፍ አለ። እሱን ለማየት ነው የመጣሁት አለች።

ለሐጂ ተረጎምኩላቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ማሽከርከር ያዙ። መልሱ የመጣው ከታች፣ ከአጥሩ ጥግ ነው። ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ እዚያ ቆመው፣ የምለውን አንዲት ልጅ በጆሯቸው እየደገመችላቸው ሲሰሙ ኖረዋል።

«ሞተ? ያ ረጅሙ?» አሉ።

«ዘይነባ!» አሉ ሐጂ።

እማማ ዘይነባ መልስ ሳይሰጡ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በጨርቅ የታሰረች ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ይዘዋል። «የሞተ ሰው ቃል ከአልጋዬ ሥር አላሳድርም» አሉና ለኢንግሪድ ሰጧት።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ሰውየው የዛሬ ስንት ዓመት መጥቶ፣ መሣሪያውን እያየ፣ ግራሩ ሥር አንድ ነገር ሲቀብር ሐጂ ከደጃቸው ሆነው አይተውታል። የመሬት መለኪያ ምልክት ነው ብለው ወሰኑ። ገና መንገድ ሳይደርስ ሄደው ነቀሉት። ነቀሉትና ደግሞ ፈሩ፤ የመንግሥት ንብረት ቢሆንስ? እንዳይጥሉት ያስጠይቃል፣ እንዳይከፍቱት ያስጠይቃል፣ እንዳይመልሱት መሬቱ ይለካል። አልጋ ሥር ከተቱት። ያን ሁሉ ዓመት የተኙት እላዩ ላይ ነው።

ኢንግሪድ ከፈተችው። ደብተር፣ እርሳስ፣ አንድ የፕላስቲክ እንቁራሪት። ግርማ አንገቱን አስግጎ አየና ወደ መኪናው ተመለሰ። እሷ የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ አለቀሰች። ከዚያ ንገራቸው አለችኝና ተረጎምኩ። ወንድሟ እንዲህ ብሎ ነበር የጻፈው፦ ከዚህ ሲያዩት አገሩ ደስ ይላል። ከታች ካለው ቤት አንድ ሰውዬ እያየኝ ነው። ወርጄ ሰላም ልበለው ብዬ ነበር፤ ቋንቋውን ስለማልችል አፈርኩ።

ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ሰላም ለማለት ቋንቋ ምን ያደርጋል?» አሉ ቀስ ብለው። «ወርዶ ቢሆን ቆጮ ይበላ ነበር። እኔም ስንት ሌሊት በተኛሁ።»

ያን ቀን ቆጮውን በአይብና በጎመን እኛ በላንለት። ኢንግሪድ የሚለው ስም ለሐጂ አልመች ብሏቸው «እንግዳ» አሏት፤ እሷም አቤት አለች። የተፈጨው በርበሬ ነገር ሲነሳ ሐጂ «ድሮስ ሊፈጭ አይደል የተሰጣው?» ብለው ዘጉት። ግርማን ግን እስከ መጨረሻው ጎሪጥ ነበር የሚያዩት።

በማዕዱ ላይ እንግዳ አንድ ነገር አወራችን። በሳጥን ደባቂዎቹ መካከል ይሄ ትልቅ ጭቅጭቅ ነው አለች። ግማሹ መኪና የት እንደሚቆም፣ በየት እንደሚገባ ደባቂው መናገር አለበት ይላል። ግማሹ ደግሞ ሁሉ ከተነገረማ ፍለጋው ምኑ ላይ ነው ይላል። ወንድሟ ከሁለተኞቹ ነበር።

ሐጂ ሲተረጎምላቸው ሳቁ። «የሚመጣው ሰው አስማተኛ ነው እንዴ? ደባቂው ሳጥኑን ይደብቅ እንጂ በሩን ለምን ይደብቃል?» አሉ። ከዚያ እንግዳን ጻፊ አሏት። እሳቸው ሲናገሩ፣ እኔ ስተረጉም፣ እሷ ጻፈች። መኪና መስጊዱ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ይቁም። በርበሬ አይረገጥ። ውሻው የታሰረበት ገመድ በቀኝ ረጅም ነው፤ በግራ እለፉ። መጀመሪያ ሐጂ ሸምሱ ብላችሁ ተጣሩ። እኔ ከሌለሁ ዘይነባ በሉ። ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ስለሚል ጮክ በሉ። ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ።

እንግዳ የወንድሟን ደብተር ወሰደች፤ አዲስ ደብተር ጨምራ ሳጥኑን በሐጂ ፈቃድ ግራሩ ሥር መለሰች። በሰላም ተለያየን። ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ «ተነጋግሮ የጠፋ የለም» ብዬ በዘጋሁት ነበር። አላለቀም።

ከዓመት በኋላ በገበያ ቀን ሐጂ ሸምሱ ቡታጅራ መጡ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቀው ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ግራ ቀኝ አዩ።

«ሁለት ጎረምሳ ፈረንጆች መጡብኝ» አሉ በሹክሹክታ። «አይቻቸው አላውቅም። መኪናቸውን ዋርካው ሥር አቆሙ። ማን ነገራቸው? ውሻውን በግራ አለፉት! በግራ! ቆመው ሐጂ ሸምሱ ብለው ተጣሩ። ጭጭ ብዬ ተደበቅሁ። ከዚያስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ዘይነባ! ብለው ጮኹ። የሚስቴን ስም፤ ጆሮዋ እንደሚከብድ ሁሉ አውቀው! መምህር፣ እነዚህ የሳጥን ሰዎች አይደሉም። ሰላዮች ናቸው።»

«ሐጂ፣ ያስጻፉት እርስዎ ነዎት እኮ!»

«ለእንግዳ ነዋ የነገርኳት! ለአንድ ሰው!»

እንግዳ ቃላቸውን ያወጣችበት ኢንተርኔት ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። እዚያ ላይ የወጣ ነገር ዓለም ሁሉ ያነበዋል አልኳቸው።

«አሜሪካም?»

«አሜሪካም።»

ትንሽ አሰቡ። ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። «ቀበሌያችንም?»

«ከፈለገ።»

ሐጂ ላብ አጠመቃቸው። ሳይነገረው የመጣውን ጠረጠሩት፣ ተነግሮት የመጣውን ፈሩት፤ እኔ አስተማሪው ምን ብዬ ልፍረድ? «ዛሬውኑ ጻፍላት» አሉኝ። «ሐጂ ሸምሱ እዚያ የለም፤ ቆሼ ሄዷል በል።»

ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። መስመሩ እየተቋረጠ፣ እየተመለሰ፣ እንዳሉኝ አድርጌ ኢሜይል ጻፍኩላት። እንግዳ ደግሞ የታመነች ሴት ናት፤ የተነገራትን ሳትጨምር ሳትቀንስ አወጣችው።

ከወር በኋላ ሁለት አዛውንት ፈረንጆች ቆሼ ገበያ መሃል ቆመው ለአላፊ አግዳሚው «ሐጂ ሸምሱ የት ናቸው?» እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ አሉ።