የአቶ ገሠሠ የገበያ ጥናት

ይህች ከተማ ነጋዴ አጥታ አታውቅም፤ ከነጋዴው በላይ የተትረፈረፋት ግን ራሱ ሳይነግድ ሰውን ሁሉ የሚያስነግድ ሰው ነው። በየሰፈሩ አለ። ገና የሱቅ ቁልፍ በእጅዎ ሲያይ ከየት መጣ ሳይባል አጠገብዎ ቆሞ ይገኛል። በሕይወቱ አንዲት ማስቲካ ሸጦ አያውቅም፤ እርስዎ ግን ምን፣ የት፣ ለማን መሸጥ እንዳለብዎት ከእርስዎ በላይ ያውቃል። የእናንተን ሰፈር እንጃ፤ ለቡ መብራት ኃይል፣ ለእኛ ኮንዶሚኒየም የደረሱን ግን አቶ ገሠሠ ናቸው።

ክቡር አቶ ገሠሠ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕቃ ሲያስገቡና ሲያስወጡ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት «ሥራ ፈጠራና የንግድ ዕቅድ አዘገጃጀት» የሚል አጭር ሥልጠና ወሰዱ። ሥልጠናው ለወጣቶች ነበር፤ እሳቸው የተጠሩት አዳራሹ ባዶ እንዳይመስል ነው። የምስክር ወረቀቱ ግን ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ ከልጆቻቸው የምረቃ ፎቶግራፍ በላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ ሰው «ጋሼ ገሠሠ፣ ሱቅ ልከፍት ነው» ሲላቸው እንደ ማንኛውም ሽማግሌ «ይቅናህ» አይሉም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ያደርጉና «ጥናቱስ?» ይላሉ።

አንድ ሰው «ጥናት የለኝም» ካለ አለቀለት። የእሳቸው ሆነ ማለት ነው።

ሃሩን የሚባል ትሁት ጎረቤታችን ስልክ መጠገኛ ከፈተ። አቶ ገሠሠ ገብተው ግድግዳውን ዙሪያውን አዩና «ራዕይህ የታለ?» አሉት። ልጁ የታላቅን ቃል አይገፋም፤ እሺ አለ። «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አሠርተው በሩ ላይ አሰቀሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ የተሰበረበት ሰው የመንግሥት ቢሮ እየመሰለው አልፎ ይሄዳል፤ ማመልከቻ የያዘው ደግሞ ይገባል። አንዲት እናት «መታወቂያ የሚታደሰው በየትኛው መስኮት ነው ልጄ?» ብለው በሩ ላይ ቆሙ፤ እሳቸውን ያየ ሌላ ሰው ከኋላቸው ተሰለፈ፤ እሱን ያየ ደግሞ ሌላ። ሃሩን ሕዝቡን ይቅርታ እየጠየቀ ሲበትን ዋለ። አቶ ገሠሠ አፈሩ? ኧረ ወዲያ! «ሰው መሰለፉ በራሱ የፍላጎት ምልክት ነው» አሉ።

ናፍቆት የሴቶች ጸጉር ቤት ስትከፍት ደግሞ «ሥራሽን ለምን ትደብቂያለሽ?» ብለው ወንበሮቹን በሙሉ ወደ መንገዱ አስዞሩባት። ጸጉሯ በቢጎዲን የተጠቀለለ ሴት ለታክሲ ተሳፋሪ ሁሉ መታየት ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ከነቢጎዲናቸው ሸሹ። ወንበሮቹ ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ ድረስ ናፍቆት ብቻዋን መስታወት ስታይ ትውል ነበር።

ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ባለቤቴ አምሳለ ወተት ቤት ልክፈት ስትል በመጀመሪያ ያልኩት ቃል «አቶ ገሠሠ እንዳይሰሙ» የሚል ነው።

ነገሩ ለእሷ ቀላል አልነበረም። ትሠራበት የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ጀምሮ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ፊቷ ጠውልጓል። የሥራ ማመልከቻ ይዛ መንከራተቱ ሰልችቷታል። አንድ ቀን ፎቃችን ሥር ያለችውን ባዶ ሱቅ ቆማ ስታያት ቆየችና «ይችን እሞክራለሁ። ይችም ካልሆነች ግን ዳግመኛ ምንም ሞክሪ እንዳትለኝ» አለችኝ። አነጋገሯን ስለማውቀው ፈራሁ። ያችን ሱቅ ከአቶ ገሠሠ ለመጠበቅ ለራሴ ማልኩ።

የማልኩት በከንቱ ነው። ዳግማይ ትንሣኤ በዋለ ማግስት አቶ ገሠሠ በራችንን አንኳኩ።

«አምሳልዬ፣ ወተት ቤት ልትከፍቺ ነው አሉ» አሏት።

«አዎ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ።»

«እሱስ ይፈቅዳል። ጥናቱስ?»

እኔ ከሶፋው ላይ ተነስቼ «ጥናት አያስፈልገንም» አልኩ። የሰማኝ የለም። አምሳለ ሰው ማሳፈር ስለማትችል «እስኪ ይርዱን» አለቻቸው። ያኔ ቤቴ ውስጥ የእኔ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ተረዳሁ።

ጥናቱ ተጀመረ። አቶ ገሠሠ የላስቲክ ወንበር ይዘው መካኒሳ አቦ ወረዱና ከአንድ የታወቀ ወተት ቤት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሌላው ምእመን «እግዚኦ» የሚልበትን መቁጠሪያ እሳቸው ወተት ጠጪ ይቆጥሩበት ጀመር። አንድ ሰው ጠጥቶ በወጣ ቁጥር አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ። የወተት ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሏት ወንበራቸውን ወደ ጥላው አስጠጋችላቸው፤ ኋላ ደንበኞቿን እየተከተሉ «በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣሉ? ስኳር ይጨምራሉ?» ማለት ሲጀምሩ ግን አባረረቻቸው። እሳቸው ከመንገዱ ማዶ ተሻግረው መቁጠራቸውን ቀጠሉ።

በመጨረሻም ውጤቱን ሊያበስሩን መጡ። ሳሎናችን መሐል ቆመው «እንዲህ ያለ የተረጋጋ ገበያ በሥልጠናውም አልሰማሁ! ሰኞ እንደ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እንደ ቅዳሜ፣ ዓርብ እንደ እሑድ! ሰዉ በየቀኑ ይጠጣል!» አሉ። አምሳለ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷ ታየ። እኔም ሳልወድ ደስ አለኝ።

በዚያው ሳምንት ወተት አቅራቢም አገኙልን። ኦቦ በንቲ የላፍቶ የጥንት ባለርስት ናቸው፤ እርሻቸው ኮንዶሚኒየም ሆኖ ቢያልቅም ላሞቻቸውን አልለቀቁም። ወተታቸውን የሚረከባቸው ሆቴል ነበር። አቶ ገሠሠ ሄደው «ሆቴልዎን ይተዉና ለእኛ ያምጡ፤ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይቋረጥ እንረከባለን» ብለው እጅ መትተው ተዋዋሉ። ኦቦ በንቲም የታላቅ ሰው ቃል ነው ብለው ሆቴሉን ተዉት።

ሱቁ ተከፈተ፤ እውነትም ሞቀ። ጠዋት ሥራ ገቢው፣ ማታ ተመላሹ፣ በመሐል ተማሪው። አቶ ገሠሠ በሩ ላይ ቆመው ገቢና ወጪውን እንደ ሙሽራ አባት ይቀበላሉ። «ስሜት ሌላ፣ ገበያ ሌላ» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ከዚያ ጰራቅሊጦስ መጣ፤ አለፈ።

ሰኞና ማክሰኞ የሰኔን ጾም የያዙት ቀርተው ሰው ትንሽ ሳሳ። ረቡዕ ጠዋት ኦቦ በንቲ እንደ ወትሮው ጀሪካኖቻቸውን አውርደው ሄዱ። አምሳለ ሽርጧን አስራ ቆመች። ማንም አልመጣም። ረፋዱ ላይ ወደ ግቢው ጥበቃ ዞር ብላ «ምነው ሰው ጠፋ?» ስትለው፣ ልጁ ግራ ተጋብቶ «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አላት።

አስተዋላችሁ? ሰውዬው ጥናታቸውን ያካሄዱት በበዓለ ኀምሳ ነው! ረቡዕና ዓርብ በማይጾምበት፣ በዓመት አንዴ ብቻ በሚመጣ ወቅት ተቀምጠው፣ መቁጠሪያ ይዘው፣ የሰፈሩን ክርስቲያን ወተት አጠጣጥ አጠኑና የዓመቱ ገበያ ይህ ነው ብለው አወጁ! ማንም ቢረሳ አይገርመኝም። እኔም በዚያ ሰሞን ረቡዕን በክትፎ አሳልፌ ነበር። እሳቸው ግን የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው! ዓርብ ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ የማይቀምሱ ሰው ናቸው! ራሳቸው በማይጠጡበት ቀን ሀገር ሊያጠጡ አቀዱ። ደሜ ፈላ።

ይህንኑ ልነግራቸው ስሄድ ጭራሽ እኔን ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። «ጥናቱ ትክክል ነበር፤ የተቀየረው ወቅቱ ነው» አሉኝ።

ኦቦ በንቲን ረቡዕና ዓርብ እንዲያስቀሩ ለመንናቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ አቶ ገሠሠ አዞሩ።

«አቶ ገሠሠ፣ ሰው ይጾማል፤ ላም ግን አትጾምም። ዓርብ ዕለት ጡቷ ሲሞላ ምን ልበላት? ሆቴሉን የተውኩት በእርስዎ ቃል ነው።»

አቶ ገሠሠ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው መጥረግ ያዙ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የአምሳለን ፊት አይቼ ግን ደስታው አልመጣም። የረቡዕ ወተት እርጎ ሆነ፤ ከፊሉ ተንጦ ቅቤና አይብ ወጣው፤ የቀረው እንደ እርጎነቱ ተቀመጠ። ፍሪጁ ሞላ፤ ቤታችን ሞላ፤ ዕለቱን ለጎረቤት ብንሰጥ ጎረቤቱም ይጾማል። ሐሙስ ማታ አምሳለ ሽርጧን አጣጥፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ዓርብም እንዲህ ከዋለ እዘጋዋለሁ። ፍልሰታን አልጠብቅም» አለች። እንድትሞክር ላበረታታት አፌን ከፍቼ የነገረችኝን አስታወስኩና ዘጋሁት።

ዓርብ ጠዋት ወተቱ መጣ። አቶ ገሠሠ ግን የሉም። ከበሩ የማይጠፉት ሰውዬ የሉም! ረፋዱ ላይ የትናንቱም እርጎ ከፍሪጅ እንደተቀነሰ አየሁ። አምሳለን ብጠይቃት «ጋሼ ወሰዱት፤ የት እንደሆነ አልነገሩኝም» አለችኝ። ይኸው ነው የቀረው! ሱቃችንን አዘግተው ሲያበቁ ዕቃውን ይዘው ጠፉ። ዛሬስ አልለቃቸውም ብዬ የምናገረውን ሁሉ በልቤ አሰናድቼ ወጣሁ። ናፍቆት በሩ ላይ ቆማ ነበርና ጠየቅኳት።

«ጋሼ ገሠሠን? ከሃሩን ጋር ወደ መስጊዱ ሲሄዱ አየኋቸው» አለችኝ።

«ወደ ምኑ?»

«መስጊድ። ጀሪካንና የላስቲክ ኩባያ ይዘዋል።»

ስደርስ የዓርብ ስግደት አብቅቶ ሰዉ እየወጣ ነው። ከአጥሩ ውጪ፣ ትንሽ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ነጭ ነጠላ ያጣፉ፣ አንገታቸው ላይ ማተባቸው የሚታይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። በአጠገባቸው ሃሩን ኩባያ ይሞላል።

«አሰላሙ አለይኩም! የላፍቶ ላም እርጎ ነው፤ ለምሳ! ለልጆች! ረቡዕስ ቤትዎ ድረስ ቢመጣልዎት? ስንት ልጆች አሉዎት? ስኳር ይወዳሉ?»

ሰዉ ይስቃል፤ ይቀምሳል፤ ሃሩንን «እኚህን ከየት አመጣሃቸው?» ይለዋል። አንድ ሐጂ ኩባያውን ጨርሰው ጢማቸውን ጠረጉና «አቶ ገሠሠ፣ እንዲህ የሚያደንቁትን እርስዎ ቀምሰውታል?» አሏቸው።

አቶ ገሠሠ በንዴት ቀና አሉ። «ዛሬ እኮ ዓርብ ነው! ዓርብ መሆኑን አያውቁም እንዴ?»

ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ እዚያው መንገዱ ላይ በንዴት ልፈነዳ ነበር። ዓርብን የረሱት ሰው ስለ ዓርብ ሰው ይቆጣሉ! ግን ጠጋ ስል ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። በዚያ አፍ ነው ስለ እርጎ ቅዝቃዜ የሚሰብኩት። አሰናድቼ የመጣሁት ንግግር ከየት እንደሚጀምር ጠፋኝ። ሃሩን ባዶ ጀሪካን አቀበለኝና «ሌላ ካለ አምጡ፤ አልቋል» አለኝ። ተቀበልኩት።

አምሳለ ሱቋን አልዘጋችም። ረቡዕ የሃሩን ዘመዶችና የዘመዶቻቸው ጎረቤቶች ቤት ድረስ ይላክላቸዋል። ዓርብ ደግሞ መስጊዱ በር ላይ ነን። የኦቦ በንቲ ላሞችም እንደፈለጉ ይታለባሉ። አቶ ገሠሠ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው እንዳቀዱት አድርገው ለሰው ያወራሉ፤ በሰማሁ ቁጥር እቃጠላለሁ። ባለፈው አንድ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ አባል «እኚህ ለፍላፊ እኮ ሊያከስሯችሁ ነበር» ሲለኝ ግን ልመታው ምንም አልቀረኝም። እኚህን ሰው መስደብ የሚችል በእሳቸው የተጎዳ ብቻ ነው።

አሁን ሐምሌ ነው። ባለፈው ዓርብ መስጊዱ በር ላይ ዝናቡ ድንገት ወረደብን። ሮጬ ጃንጥላ ከፍቼ ከአቶ ገሠሠ አናት በላይ ያዝኩ። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና ጮኹብኝ።

«ወደ ግራ አድርገው እንጂ! እርጎውን እኮ ከደንበኛ ጋረድከው!»

ወደ ግራ ካደረግኩት እሳቸው ይበሰብሳሉ። አላደረግኩትም። ነጻ በሆነው እጄ ጠረጴዛውን ጎትቼ ወደ እኛ አስጠጋሁት፤ የእኔ ትከሻ ከውጪ ቀረ። አቶ ገሠሠ ተመለከቱና «እየተማርክ ነው» አሉኝ። ዝናቡ በአንገቴ እየገባ ጃንጥላውን አጥብቄ ያዝኩላቸው። ጉንፋን ቢይዛቸው ዓርብን ማን ያቆምልናል ብዬ ነው ብላችሁ ውሸቴን ነው። እንዳይበርዳቸው ነው።