ክቡር አባታችን እየጸለዩበት ነው

«አይሆንም» የሚል አለቃ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ቁርጡን ያውቃል፤ አልቅሶም ሆነ ተራግሞ ወደ ሥራው ይመለሳል። መከራው ያለው እሺም እምቢም የማይል አለቃ ሥር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁማ አግብታችሁታል። የእኔው አለቃ ደግሞ ካህን ነበሩ፣ ያውም የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት።

ክቡር አባታችን፣ ፊት ለፊት «አባ» የምንላቸው፣ ለጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ አላቸው፦ «እስቲ እንጸልይበት።» የደመወዝ ጭማሪ? እስቲ እንጸልይበት። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ያፈስሳል? እስቲ እንጸልይበት። አንድ ቀን ጸሐፊያቸው «አባ፣ በሩን ልዝጋው ወይስ ክፍት ይሁን?» ብትላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምስኪኗ ብትጠብቅ ብትጠብቅ መልስ ስታጣ ገርበብ አድርጋው ወጣች። በሩ ከዚያ ወዲህ እንደተገረበበ ነው።

የሥራ ታሪካቸውም እንደ መልሳቸው ነው። የተማሪዎች መኝታ ቤት ተቆጣጣሪ ነበሩ፣ ፊዚክስ አስተማሩ፣ ዲን ሆኑ፣ ከዚያ ፕሬዚዳንት። «እንዴት ተመረጡ አባ?» ብላቸው፣ «የካህናት ማኅበራችን ሂድ አለኝ፣ ሄድኩ። እኔ የለመንኩትማ የጓሮ አትክልቱን ነበር» አሉኝ። ጓሮ የለመነ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲሰጡት ምን ይባላል? እኔ አላውቅም፤ የመታዘዝ ቃል የገቡት እሳቸው ናቸው።

ይበልጥ ያምታታኝ ግን ቤታቸው ነው። የማኅበሩ ካህናት ግቢው ጥግ ባለች ቤት አብረው ይኖራሉ። የቤቱ አለቃ በቀን የፕሬዚዳንቱ የበታች የሆኑ ወጣት የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እኛ «ትንሹ አባ» እንላቸዋለን። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ጎራ ብል ክቡር ፕሬዚዳንታችን እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳህን ያጥባሉ። ትንሹ አባ በሩ ላይ ቆመው «አባ፣ ድስቱን ደግሞ በደንብ ይፈትጉት እንጂ!» ይሏቸዋል።

«እሺ» አሉ ክቡርነታቸው።

እሺ! እኔ ስንት ዓመት ደጅ ጠንቼ ያጣሁትን ቃል ለድስት ሰጡት።

ደጅ የምጠናውም ያለ ነገር አይደለም። እኔ የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ክፍሉ ማለት ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ሥር ያለ አንድ አዳራሽ፣ ሦስት ቁልፉ የማይሠራ ፒያኖና በጣት የሚቆጠሩ ተማሪዎች ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ከአሥር ተማሪ በታች ያለው ክፍል ሁሉ ይዘጋ ብሎ ወሰነ። እኛ አሥር ሞልተን አናውቅም። ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ።

«አባ፣ ተዘጋን ወይስ አልተዘጋንም?»

«እስቲ እንጸልይበት ልጄ።»

«ታዲያ ተማሪ ልመዝግብ ወይስ ያሉትን ልበትን?»

«እኔ የምለው፣ ያ ከታች የምትጫወቱት ዜማ ምንድን ነው?»

«የትኛው?»

«ያ መጨረሻው የማይታወቀው።»

መጨረሻችን እንጂ የዜማው መጨረሻ አላስጨነቀኝም፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ብዬ ወረድኩ። ቦርዱ በየዓመቱ «የሙዚቃው ጉዳይ እንዴት ሆነ?» ይላል፤ እሳቸው «እየጸለይንበት ነው» ይላሉ። ካህኑን «ጸሎትዎን ቶሎ ይጨርሱ» የሚል የቦርድ አባል አልተገኘም። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሚስቴ «ለመሆኑ አንተ ሰውዬ ሥራ አለህ ወይስ የለህም?» ስትለኝ፣ «እስቲ…» ብዬ ከመጀመሬ ትራሱን ወረወረችብኝ።

ዘንድሮ ማኅበሩ አባን «ይብቃዎት፣ ይረፉ» አላቸው። በቦታቸው ማን ተሾመ? ትንሹ አባ! የሒሳብ ሰው መልሱ ግልጽ ነው። «አሥር ከሞላችሁ ትቀጥላላችሁ። ምዝገባው ሲያበቃ ካልሞላችሁ ትዘጋላችሁ» አሉኝ። በሩንም ዘጉት።

ይኸው፣ ቁርጤን አወቅሁ። ቁርጡን የሚያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው ያልኩትን ሰርዙልኝ። ያ ሁሉ ዓመት የተማረርኩበት «እንጸልይበት» ለካ ጣሪያችን ነበር። አባ ይህን አውቀው ነው ያደረጉት ወይስ እንዲያው መወሰን አቅቷቸው? እንጃ። ብቻ ናፈቁኝ።

ምዝገባው በሚያበቃበት ቀን የነበሩን ዘጠኝ ተማሪዎች ናቸው። ፒያኖውን በጨርቅ እየሸፈንኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ክቡር አባታችን! ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ የአትክልት ቦታ ጭቃ ይዟል።

«መዝሙር ለመማር ነው» አሉኝ። «ምዝገባ አለፈኝ እንዴ?»

«ኧረ አላለፈዎትም! ግን አዲሱ ፕሬዚዳንት ፈቅደውልዎታል?»

«ሳህኑን አጥበው ሲጨርሱ ይሂዱ አሉኝ።»

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። የክፍሉ ደንብ የሚገባ ሁሉ በድምፅ ይፈተን ይላል። አባ ሲቀድሱ ዜማው አሥር ቦታ እንደሚሰበር ግቢው በሙሉ ያወራል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነውና ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ያንን መጨረሻው የማይታወቀውን ዜማ ነበር፤ ቢሯቸው ሆነው ሲሰሙት ኖረው በቃላቸው ይዘውታል። ድምፁ ግን በእውነት እነዚያን የማይሠሩ ሦስት ቁልፎች ብቻ እየመረጠ የሚነካ ይመስል ነበር። ዘጠኙ ተማሪዎች ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። እኔ ደግሞ ሳቅ ነው ስል እንባዬ መጣ። ሊያድኑን መጥተው ይሆን፣ ወይስ ከልባቸው መዘመር አምሯቸው? አሁንም አልገባኝም።

«እህ፣ እንዴት ነው?» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። ፊታቸው ላይ ልክ የእኔ የድሮው ጭንቀት ነበረበት። «አለፍኩ ወይስ ወደቅሁ?»

ከዘጠኙ ስሞች ሥር ስማቸውን ጻፍኩና ቀና አልኩ።

«እስቲ እንጸልይበት አባ።»

«እሺ» አሉኝ።