የተከሰሰው አየር

(ሐምሌ ገብቷል፤ የደብረ ኤልያስ ሰማይ ግን እንደ ታጠበ ሸማ ነው። አንድ ጠብታ የለም! አወቀ ደብረ ማርቆስ በማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። ሬዲዮ አለው፤ የከፋው ደግሞ ሬዲዮው የነገረውን ሁሉ ለሰው ካልነገረ እንቅልፍ አይወስደውም። ሁለት ደህና በሬዎችም አሉት። ጎረቤቱ ቢያዝን በሬዎቹ በድርቁ አልቀውበት፣ የዘር ጤፉን ታቅፎ የቀረ ገበሬ ነው። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ማሳው ዳር ይጨቃጨቃሉ፤ አወቀ ትዕግሥቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።)

ቢያዝን፦ ለአንድ ቀን ብቻ አልኩህ እኮ! በሬዎችህ ቆመው ከሚያመነዥኩ የኔን ማሳ ቢገለብጡልኝ ምን ይሆናሉ? ዝናቡ ሲመጣ መሬቱ ታርሶ ካልጠበቀው ልጆቼን ምን ላበላ ነው?

አወቀ፦ አያ ቢያዝን፣ አይሆንም አልኩህ! በሬዎቼን በከንቱ አላደክምም። ዝናብ አይመጣም።

ቢያዝን፦ ማን አለ?

አወቀ፦ ሳይንስ።

ቢያዝን፦ የየት አገር ሰው ነው?

አወቀ፦ (ግንባሩን ይዞ) ሰው አይደለም! ስማኝ፤ በላያችን ላይ ከባድ አየር ተቀምጧል። ከፍተኛ ግፊት ይሉታል። ከላይ ወደ ታች ይጫናል፤ ሲጫን ይሞቃል፣ ይደርቃል። ደመና ሽቅብ ልውጣ ሲል አናቱን ይለዋል። ደመና ካልወጣ ዝናብ የለም። ገባህ?

ቢያዝን፦ (ቀና ብሎ እያየ) ተቀምጧል ነው ያልከኝ?

አወቀ፦ ተቀምጧል።

ቢያዝን፦ በኔ መሬት ላይ?

አወቀ፦ ባንተም በኔም፣ እስከ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም ወዲያ! አገር ያህላል።

ቢያዝን፦ ማን ፈቀደለት?

አወቀ፦ ምን?

ቢያዝን፦ ርስቴ ላይ ሲቀመጥ ማን ፈቀደለት? በአባት ነው የገባ በእናት? መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው የአባታችን ዘር ነኝ ካለ ይቁጠርና ያስረዳ! እኔ ቅድመ አያቴን ቆጥሬ ነው የማርሰው።

አወቀ፦ አየር ዘር አይቆጥርም!

ቢያዝን፦ ወይ ድፍረት! ግብርስ ይከፍላል?

አወቀ፦ እንዴት አድርጎ ይከፍላል፣ አንተ ሰውዬ!

ቢያዝን፦ (ደረቱን እየደቃ) ኧረ የመንግሥት ያለህ! እኔ ስገብር እሱ ተንፈላሶ ይቀመጥ? ደቦ ጠርተን እንግፋው። ጠላውን እኔ እችላለሁ።

አወቀ፦ በምን ትገፋዋለህ?

ቢያዝን፦ በመንሽ።

አወቀ፦ እግዚኦ! ነፋስ እንኳ አልገፋውም፣ ዞሮት ነው የሚያልፈው! እንዲህ ያለው አየር አንዴ ከተተከለ ሳምንታት ይከርማል። ከሥሩ ያለው አገር በድርቅ ሲነድ፣ ዳር ያለውን ጎርፍ ይወስደዋል። በየዓመቱ እየተመላለሰ ከተቀመጠማ የአገሩ ጠባይ ራሱ ይለወጣል፤ ክረምቱ ክረምት መሆኑ ይቀራል።

ቢያዝን፦ የኛን ዝናብ ለሌላ አገር ሰጠብን ማለት ነው?

አወቀ፦ (ደክሞት) እሺ፣ እንደዚያ በለው።

ቢያዝን፦ ይኸው ሌላ ክስ!

(ይህን ጊዜ ባላምባራስ ደምለው በበቅሎ ብቅ አሉ። በጃንሆይ ዘመን መንገደኛ ሁሉ ዳኛ ነው፤ «በንጉሥ አምላክ» ብለው ካቆሙት ሳይፈርድ ማለፍ ነውር ነው። ባላምባራስ ደግሞ ከምሳ ይልቅ ሙግት የሚወዱ ሰው ናቸው።)

ቢያዝን፦ (መንገዱ መሃል ገብቶ) በንጉሥ አምላክ! ይዳኙኝ ጌታዬ!

ባላምባራስ፦ (በቅሎዋን ገትተው) ደግሞ ከማን ተጣላህ?

ቢያዝን፦ ከከባድ አየር።

ባላምባራስ፦ የማን ልጅ ነው?

ቢያዝን፦ አይታወቅም! ለዚህ እኮ ነው የከሰስኩት።

አወቀ፦ (ሳቅ እያፈነው) ጌታዬ አይስሙት! አየር እኮ ነው፣ የምንተነፍሰው!

ባላምባራስ፦ አንተ ዝም በል፣ ተራህን ጠብቅ። ከሳሽ፣ ምን በደለህ?

ቢያዝን፦ ሳይወርስ ሳይገዛ ርስቴ ላይ ተቀመጠ። ደመናዬን አናት አናቱን መታ። ዝናቤን ለሌላ አገር ሰጠብኝ።

ባላምባራስ፦ ተከሳሽ የት አለ?

ቢያዝን፦ (ወደ ላይ እየጠቆመ) ያውና!

ባላምባራስ፦ (እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው) አልታየኝም። ዐይኔ ደክሟል መሰል።

አወቀ፦ አይታይም ጌታዬ! ግን አለ።

ባላምባራስ፦ ታውቀዋለህ?

አወቀ፦ (ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ ነው፤ ሳቁን ተወውና ጋቢውን አስተካከለ) እንዴት አላውቀው! ክብደቱን፣ አመጣጡን፣ ጠባዩን፣ ሁሉንም!

ቢያዝን፦ የት ያውቀዋል ጌታዬ፣ ለወሬ ነው! ክሱን ከሰማ ደንግጦ ነገ ይጠፋል።

አወቀ፦ አይጠፋም!

ቢያዝን፦ ይጠፋል!

አወቀ፦ አንድ ስንዝር አይነቃነቅም እልሃለሁ! አንተ ከኔ ልታውቅ ነው?

ባላምባራስ፦ ዋስ ትሆነዋለህ?

አወቀ፦ (ደረቱን ነፍቶ) እሆናለሁ እንጂ! ነሐሴ ሳይገባ ንቅንቅ አይልም፤ ዋሱ እኔ ነኝ!

ቢያዝን፦ (በለሆሳስ) ሰሙልኝ ጌታዬ?

ባላምባራስ፦ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ተከሳሽ መሬቱን እንደማይለቅ ዋሱ በአፉ መስክሯል። ከሳሽን ሥራ አስፈትቶታል። ስለዚህ ተከሳሹ እስኪለቅ ድረስ፣ ዋሱ በገዛ በሬው ይረስለት።

አወቀ፦ (ሳቁም ኩራቱም ባንዴ ብን አለ) ምን? ቆይ፣ ቆይ ጌታዬ! ቢለቅስ?

ባላምባራስ፦ አይሄድም ብለህ ዋስ ሆነህ የለም እንዴ? ከሄደማ ተከሳሽ ጠፋብህ ማለት ነው። ያን ጊዜ ማረሱ አይበቃም፤ ታጭዳለህም።

አወቀ፦ ኧረ ይግባኝ!

ባላምባራስ፦ መብትህ ነው። ደብረ ማርቆስ ተከሳሹን ይዘህ ቅረብ። (በቅሎዋን ኮርኩረው መንገዳቸውን ቀጠሉ።)

(አወቀ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ሲማር እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመውም። ቢያዝን ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ አወቀ በሬዎች ማዝገም ጀምሯል።)

አወቀ፦ (እየተከተለው) አንተ ሞኝ! አየር ይከሰሳል? ብትረታውስ ምኑን ትወስዳለህ? ቤት የለው፣ ከብት የለው!

ቢያዝን፦ (ዞር እንኳ ሳይል) እሱስ ምንም የለው። ዋሱ ግን በሬ አለው።