ክፉው ሁሉ በአንድ ካልሲ

«መንገደኛው መጣ ከሩቅ አገር ደክሞ፣
እም… እምም… እምም… እም…»

ሁለተኛው ስንኝ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የለም። መርፌዋን ክር ስታጎርስ ትጀምረዋለች፣ «ደክሞ» ላይ ስትደርስ ቃሉ እንደ ተበጠሰ ክር ከእጇ ያመልጣል፣ የቀረውን በአፍንጫዋ ትጨርሰዋለች። ባሏ ግን ያውቀዋል። ገና ሲጋቡ ጀምሮ ያውቀዋል። አይነግራትም። ቃሉን ያገኘች ዕለት ዜማው ያልቃል ብሎ ይፈራል፤ ዜማው ካለቀ ደግሞ ያ ቤት ምኑ ቤት ነው?

እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። አለ ካላችሁኝም ሰፈር አይደለም፣ የመኪና ማቆሚያ ነው። ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ ወይም እጀታው የተሰበረ ጃንጥላ ይዛችሁ ወደ ቆሻሻ መጣያው ስታመሩ፣ ከየት መጣች ሳትሉ ከፊታችሁ ድቅን ትላለች። «ምነው፣ ምነው! ይሄማ አይጣልም!» ትላለች ደረቷን ይዛ፣ አንድ ዘመዷን ልትጥሉባት የነበረ ይመስል። ትቀበላችኋለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሸሚዛችሁን መልአክ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የዚህች ሴት ስም ክብርት እትዬ አይጣልም ነው። እናቷ ያወጣችላት ሌላ ስም ነበራት፤ እሱን ሰፈሩ ጥሎታል። በዚያ ሰፈር በሰላም ከተጣሉት ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ሥራዋ ቁምነገር ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለአሥራ አራት ልጆች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ታስተምራለች። ማስተማር ስንል ግን እሷ አትናገርም። ልጆቹ አሻንጉሊት በእጃቸው አጥልቀው ራሳቸው ይጫወቱታል። «እኔ ብነግራቸው በዚህ ጆሮ ገብቶ በዚያ ይወጣል። በእጃቸው ከገባ ግን በየት ይወጣል?» ነው የምትለው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ካልሲ ይወሰዳል፤ ከየት እንደሚወሰድ አይጠየቅም። በጣቱ በኩል ከሰፈሩ ልብስ ሰፊ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይጠቀጠቅና ጭንቅላት ይሆናል፣ አንገቱ በክር ይታሰራል፣ ሁለት ቁልፍ ለዓይን፣ አንድ መስመር ቀይ ክር ለአፍ። ከተተረተረ ሹራብ ደግሞ ጢም ይወጣል፤ ያለ ጢም ነቢይ የለም። የቀረው የካልሲ አካል እንደ ቀሚስ ተንዠርጎ የልጅ እጅ ይገባበታል።

የዚህ ሁሉ ካልሲ ምንጭ ባሏ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሰፈሩ አሁንም «ሾፌሩ» ይለዋል። በአንድ ጩኸት ሰማንያ ተሳፋሪ ወደ ኋላ የሚያስጠጋ የነበረ ጀግና፣ ዛሬ የራሱን የካልሲ መሳቢያ ማስከበር አቅቶታል። አንድ ቀን የሠርጉን ክራቫት ፈልጎ ፈልጎ አጣው።

«አንቺ፣ ክራቫቴ የት ገባ?»

«ዮሴፍ ለብሶታል።»

«የቱ ዮሴፍ?»

«ያዕቆብ የወለደው።»

ከያዕቆብ ልጅ ጋር ምን ሙግት ይገጥማል? ክራቫቱን ተወለት። የዝናብ ካፖርቱ ዓሣ አንበሪ ሆኖ ዮናስን ሲውጥም እንዲሁ ትቶለታል፤ በዝናብ እየበሰበሰ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ «ደህና ሰው ነው የዋጠልኝ» ብሎ ራሱን አጽናንቷል።

እሱን የሚያንገበግበው ሌላ ነው። እትዬ አይጣልም ለመብላት ተቀምጣ አታውቅም። በግራ እጇ ዳቦ፣ በቀኝ እጇ መርፌ፣ መስኮቱ ሥር ቆማ ነው ምሳዋን የምትበላው። «ብርሃኑ ሳለ» ትላለች። ወንበሯ ላይማ ነቢያት ተከምረዋል። ምስኪኑ ሾፌር ሾርባውን የሚጠጣው ከኤልያስ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ነው።

«ነቢያቱን አንሺና ተቀመጪ እንጂ!»

«ይቺን ጢም ብቻ ልጨርስ።»

ጢሙ አያልቅም። ብሉይ ኪዳን ረጅም ነው።

እንግዲህ ወደ አንድ ዓይናው እንምጣ። ክብርት እትዬ አይጣልም በቁጠባ የታወቀች ናትና፣ ሰፈሩ በቃሉ የያዘው ሌላ አባባል አላት፦ «ክፉ ሰው ለመሥራት ጨርቅ አላባክንም።» ደጎቹ በየስማቸው ተሠርተዋል፤ ዳዊት የወርቅ ክር አለው፣ አስቴር ከመጋረጃ የተረፈ ዳንቴል። ለክፉዎቹ ግን ያለው አንድ አሻንጉሊት ብቻ ነው። ከሾፌሩ ግራጫ የሱፍ ካልሲ ነው የተሠራው። ሁለተኛው ቁልፍ ለዳንኤል ስለተፈለገ በአንድ ዓይን ቀረ። ቃየን እሱ ነው፣ ፈርዖን እሱ ነው፣ ሐማ እሱ ነው፤ በጠርሙስ ላይ ተሰክቶ ሲረዝም ጎልያድ እሱ ነው። አንድ እሑድ ደግ አሻንጉሊት ጎደላትና ጴጥሮስ ልታደርገው ሞከረች። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፦ «እትዬ! ባለፈው ሳምንት ጌታን ሸጦት የለም እንዴ!»

ልጆች ይቅር የሚሉት ሰውን ነው እንጂ ካልሲን አይደለም።

የዚያ ካልሲ አቻው ግን ሾፌሩ ጋ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አሮጌው የሥራ ባርኔጣው ውስጥ ሸሽጎታል። ለምን ብትሉት አይመልስላችሁም። አንድ ቀን የካልሲው ወንድም ይመለስ ይሆናል ብሎ ነው መሰል።

አሁን ነገሩ ይመጣል። ልጆቹ አሻንጉሊት የሚመርጡት በመጡበት ተራ፣ ከቅርጫት ነው። ቀድሞ የመጣ ዳዊትን ያፍሳል። መጨረሻ ለመጣ አንድ ዓይናው ብቻ ይቀራል። ሁልጊዜ መጨረሻ የምትመጣው ደግሞ የሆስፒታሉ ጥበቃ ልጅ ነበረች፣ ከልጆቹ ሁሉ በቁመት ትንሿ። እናቷ ከሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ሥራ ጠዋት እስክትመለስ ሕፃን ወንድሟን የምትይዘው እሷ ናት። እያለከለከች ትደርሳለች፣ ወደ ቅርጫቱ ታያለች፣ አንድ ዓይናውን በእጇ ታጠልቃለች። አምስት ወር ሙሉ ወንድሟን ገደለች፣ እስራኤልን አስጨነቀች፣ በጠጠር ተመትታ ወደቀች።

ከዚያ ቀረች። አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባቷ የእትዬ አይጣልምን በር አንኳኳ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።

«እትዬ፣ ልወቅስዎ አልመጣሁም።»

«ኧረ ግባ፣ ምን ሆነህ ነው?»

አልተቀመጠም። «ልጅቷ ከእንግዲህ አልሄድም አለች። ‹ለምን?› ብላት፣ ‹አባዬ፣ እኔ እኮ ክፉዋ ነኝ› አለችኝ። ‹ማን አለሽ?› ስላት፣ ‹ማንም አላለኝም፣ ሁልጊዜ እኔ ነኝ› አለች። መንገድ ላይም ልጆቹ ‹ጎልያድ መጣች› ይሏታል። እትዬ… ቁመቷ ቀበቶዬ ላይ አይደርስም እኮ።»

ሰውየው ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እሱን ከሸኘች በኋላ እትዬ አይጣልም ወደ መስኮቷ ተመለሰች። መርፌዋን አነሳች፣ ክሩን ግን አላጎረሰችውም።

«ጨርቅ ቆጥቤ ልጅ አባከንኩ» አለች።

ሃያ ስድስት ዓመት ተሳፋሪ ያረጋጋው ሾፌር ሄዶ ሻይ ጣደላት። ሐሙስ ማታ ዜማ የለም። ዓርብ ጠዋት የለም። ዓርብ ለምሳ ሾርባውን አቀረበ፤ እንደ ወትሮው ቆማለች፣ ዳቦው በእጇ እንዳለ ደርቋል። ቤቱ ሞተሩ እንደጠፋ አውቶቡስ ጭር ብሏል። ሰውየው አልቻለም። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ በዚያ ፌርማታ ሲጠራበት በኖረ ሻካራ ድምፁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የደበቀውን አወጣው፦

«መንገደኛው መጣ ከሩቅ አገር ደክሞ፣
ማን ይከፍትለታል ደጃፉ ላይ ቆሞ።»

ዞር አለች። «ታውቀው ኖሯል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ሰውዬ?»

«እንዳያልቅብኝ።»

ከዚያ ዓይኗ ከእሱ ላይ ተነስቶ ወንበሩ ላይ ከነቢያቱ ሥር ተጨፍልቆ ወደ ወደቀው አንድ ዓይናው ሄደ። «መንገደኛ» አለች ቀስ ብላ። «መንገደኛ…» መጽሐፉን ገለጠች፤ ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ዳር የጣሉትን ሰው ታሪክ ጣቷን እያስኬደች አነበበች። ካህኑ አይቶ አለፈ። ሌዋዊው አይቶ አለፈ። ሳምራዊው፣ ያ ሁሉ ሰው የሚጠየፈው፣ ቆመ። መጽሐፉን ጧ አድርጋ ዘጋችው።

«አህያ የለኝም!» ብላ ጮኸች። «አህያውን ከምን ልሥራው? ግራጫ ጨርቅ በቤቱ የለም!»

ሾፌሩ ማንኪያውን አስቀመጠ። ተነሣ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ ከባርኔጣው ውስጥ ሁለት ዓመት የተሸሸገውን ካልሲ አውጥቶ ፊቷ ዘረጋው።

«ጆሮውን ብቻ እንዳታሳጥሪበት» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አህያው አለቀ። አንድ ዓይናውን በከረጢት ይዛ ወደ ጥበቃው ቤት ሄደች። ሾፌሩም ተከተለ፤ ዳቦ ልገዛ ነው ብሎ ነው፣ ዳቦ ቤቱ ግን በሌላ አቅጣጫ ነው። ልጅቷ ወንድሟን ታቅፋ በሩን በጠባቡ ከፈተች።

«ይሄ ሰውዬ ሥራ አገኘ» አለች እትዬ አይጣልም። «ነገ ይዘሽልኝ ነይ።»

ልጅቷ አልተቀበለችም። «ማንን ሊገድል ነው?»

«ማንንም። ሊያድን ነው።»

«እሱ?»

«እሱ።»

«አንድ ዓይና ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ሁለት ሁለት ዓይን ያላቸው አላዩትም፣ ልጄ። የወደቀውን ያየው እሱ ነው።»

ልጅቷ ከረጢቱን ተቀበለች። እመጣለሁ ግን አላለችም።

እሑድ አሥራ ሦስቱ ልጆች ተሰበሰቡ። አሥራ አራተኛዋ የለችም። እትዬ አይጣልም የአንዱን የጫማ ማሰሪያ አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረች። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ «እንጀምር እንጂ!» አለ፣ ዮሴፍን ከነክራቫቱ እያወዛወዘ። ሾፌሩ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በሩን ብቻ ያያል፤ እንደ ዱሮው ቢሆን «አንድ ተሳፋሪ ቀርቷል፣ አንንቀሳቀስም!» ባለ ነበር።

በመጨረሻ፣ እያለከለከች፣ ከረጢቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ገባች።

ወንበዴዎቹ የእንጨት ማንኪያዎች ነበሩ፣ ፊት የሌላቸው። መንገደኛ የሆነው ዳዊት ተደብድቦ ወደቀ። ካህን የሆነው ዮሴፍ ነበር። ማለፍ እንዳለበት ሲነገረው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሊያለቅስ ደረሰ፦ «ዮሴፍ እንዴት ያልፋል? ዮሴፍ እኮ ጥሩ ነው!» አለፈ ግን። ሌዋዊ የሆነው ዳንኤልም በሁለት ዓይኑ እያየ አለፈ። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ዓይናው ብቅ ሲል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ጎልያድ! ሩጥ፣ ሩጥ!» ብለው ለዳዊት ጮኹ።

አንድ ዓይናው ቆመ። ጎንበስ አለ። ቀጭን ድምፅ ከበታቹ ወጣ፦

«አትፍራኝ። ዛሬ እኔ አልመታም።»

ልጅቷ ዳዊትን በግራጫው አህያ ላይ ጫነችው፣ በጥንቃቄ፣ ሕፃን ወንድሟን አቅፋ እንደለመደችው አንገቱን ደገፍ አድርጋ። አሥራ ሦስት ልጆች አንገታቸውን አስግገው አንድ ካልሲ ሌላ ካልሲ እየነዳ ወደ እንግዶች ማረፊያው ሲሄድ አዩ። ሾፌሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

«በሚቀጥለው እሱን እኔ ነኝ የምይዘው!» አለ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ።

«ዞር በል» አለችው ትንሿ። «ያንተ ዮሴፍ አልፎ ሄዷል።»

እትዬ አይጣልም ከዚያች ዕለት ጀምሮ መጨረሻ የመጣ መጀመሪያ እንደሚመርጥ አወጀች።

ቤት ሲገቡ ሾፌሩ ሾርባውን አሞቀና ዳቦውን ቆረሰ። «እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ሁሉም አርፍዶ ነው የሚመጣልሽ» አለ።

«ይምጡ ብቻ።»

መልሳ ወደ መስኮቱ አልሄደችም። ኤልያስን አነሳች፣ ኤርምያስን አነሳች፣ አስቴርን ከነዳንቴሏ አነሳች፣ ሁሉንም አልጋው ላይ አጋደመቻቸው። አንድ ዓይናውና አህያው አልነበሩም፤ ለሳምንት ጥበቃው ቤት በእንግድነት ሄደዋል። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ከበፊቱ ያነሰ መሰለ። ሳህኖቹን እያቀራረበች አንጎራጎረች፦

«መንገደኛው መጣ ከሩቅ አገር ደክሞ…»

እዚያ ላይ ቆመች፣ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ሁለተኛውን ስንኝ አሁን ሁለቱም ያውቁታል። ሾፌሩ ዳቦ በሞላ አፉ፣ በባዶ እግሩ ወለሉን ቸብ ቸብ እያደረገ መለሰላት፦

«እም… እምም… እምም… እም…»

ሳቀች። መርፌዋን ከአንገት ልብሷ ነቅላ ግድግዳው ላይ ሰካችው፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበች፣ ተቀምጣ መብላት ጀመረች።